ከወደፊት የመጡ ፋይሎች

ሳሊተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ ወለተማርያም፣ ድሬስደን

አዳዳ፣ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ እኛን ለቆ ወደ እርስዎ አገር ስለተሻገረ ጉልበትዎን ብርድ እንዳያገኘው እለምናለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ወንድምዎ ጋሼ ኡርጌሳም ደህና ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው አሁንም ሲኤምሲ ድረስ ይሰማል። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ መገናኛ ጉድ ሆኗል። ግማሹ ሰው የሚሳፈረው የሚሄድበት ኖሮት ሳይሆን ከላይ ሆኖ ሰፈሩን ለማየት ነው።

«ኢሜይልም ቢሆን እንደ ደብዳቤ ጀምሪ፤ ሰላምታ የሌለውን ሳላነብ ነው የምሰርዘው» ስላሉኝ ሰላምታዬን አድርሻለሁ። አሁን ወደ ጉዴ ልግባ።

ከሁለት ዓመት በፊት የተማሪዎቼ ፍላሽ ቫይረስ እያመጣ ኮምፒዩተሮቼን ሲጨርስብኝ፣ «ሊኑክስ ጫኚባቸው፤ የሒሳብ ፕሮግራምሽ ፒችትሪ የሚፈልገውን ዊንዶስ ደግሞ በውስጡ በቨርችዋል ማሽን አስቀምጪው» ብለው ሁሉንም አዘጋጅተው በሰው እጅ ላኩልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ፒችትሪ ተምረው ከእኔ ዘንድ የወጡ ልጆች ዛሬ በቦሌ ሆቴሎች ሁሉ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል።

ለመስቀል ሰሞን ግን ሰይጣን አሳሳተኝ። ወሎ ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል ዋይፋዩ ፈጣን ነው ሲሉኝ፣ «እናትየዋ» የምንላትን ኮምፒዩተር በላዳ ጭኜ ወሰድኳት። ማኪያቶ አዝዤ፣ ያለውን አዲስ ነገር በሙሉ አውርጄላት ተመለስኩ። ከእሷም ወደ ቀሩት አሥራ አንዱ በፍላሽ ገለበጥኩ። አሁን ሊኑክሱ ደህና ይነሳል፤ ዊንዶሱ ግን በአንዳቸውም ላይ አልከፈት አለ። «የቨርችዋል ማሽኑ ሞጁል እንደገና ይገንባ» ይለኛል፤ ልገንባ ስል ደግሞ ይከሽፋል።

ይህ በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር። በታኅሣሥ መጀመሪያ ግን የትምህርት ቤቴን ፈቃድ የሚያድሱት ሰዎች ማሽኖቹን ሊያዩ ይመጣሉ። ጋሼ ኡርጌሳ ደግሞ ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊያቆም የሚፈልግ ገዢ አግኝተዋል፤ «ፈቃድሽ ካልታደሰ ምን ልትጠብቂ ነው?» ይሉኛል። ትምህርት ቤቴ ያለው እርስዎ በተወለዱበት ቤት ውስጥ ነው። አንዱ ከሄደ ሌላውም ይሄዳል።

ስለዚህ አዳዳ፣ ከተቻለዎ የሚሠሩበት ኮሌጅ የሚያስወግዳቸውን ኮምፒዩተሮች ቢልኩልኝ?

የወዳጆ ልጅ ኢሊሊ


ድሬስደን
ኦክቶበር 25 ቀን 2015

ለወንድሜ ልጅ ለኢሊሊ ወዳጆ

ልጄ፣ እመቤቴ በወጣሽ በገባሽበት ትከተልሽ። አባትሽ የአጎቴ ልጅ ቢሆንም በአንድ ገበታ አድገናልና አንቺን የወንድሜ ልጅ ከማለት ሌላ አላውቅም። እንደ ወንድሜም ልጅ እቆጣሻለሁ።

ኮምፒዩተር አልልክም። በር አልከፈት ሲል ቤት አይቀየርም።

ስሚኝ። ዊንዶስሽ በሊኑክስ ቤት ውስጥ ያለ ተከራይ ነው። ከርነል የሚባለው የሊኑክሱ እምብርት የዚያ ቤት በር ነው በይ፤ ሞጁሉ ደግሞ የተከራዩ ቁልፍ። አንቺ ወሎ ሰፈር ማኪያቶ ስትጠጪ በሩን ቀየርሽው፤ ተከራዩ በኪሱ የያዘው ግን እኔ ያኔ ሠርቼ የላክሁትን ቁልፍ ነው። አዲስ ቁልፍ እዚያው ማሽኑ ላይ መቀረጽ አለበት፤ ለመቅረጽ ደግሞ የበሩን ልክ ማየት ያስፈልጋል። ሄደር የሚባሉት ፋይሎች ልኩ ናቸው። የከርነልሽን ቁጥር ጠይቂው፤ የሄደሮቹ ቁጥር ነጥብ ሳይጎድል ከዚያ ጋር አንድ መሆን አለበት። ስትገለብጪ ከርነሉን ይዘሽ ሄደሮቹን ትተሻል ብዬ እገምታለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ማሽኑ የሚለፈልፈውን ሁሉ ደግሞ አትላኪልኝ። «ስህተት» የሚለውን መስመር ብቻ መርጠሽ ላኪ። በዚህ ሥራ ላይ ሳረጅ ማስጠንቀቂያ በማንበብ የተሾመ ሰው አላየሁም።

ስለ ቤቱ። ኡርጌሳ ለእኔም ጽፎልኛል። ያለ እኔ ፊርማ መሸጥ ስለማይችል ውክልና ላኪ ይለኛል። ለሁለታችሁም አንድ ቃል ነው ያለኝ፦ ፈቃዱ ከታደሰ አልሸጥም፤ ካልታደሰ እፈርማለሁ። ለሞተ ትምህርት ቤት ብዬ ከወንድሜ ጋር አልጣላም። አልሰማሁም እንዳትዪኝ።

የግቢውን ፎቶግራፍ ላኪልኝ። አባቴ ከብቶቹን ያጠጣበት የነበረው የድንጋይ ገንዳ እንዲታይ አድርገሽ አንሺው።

አክስትሽ ወለተማርያም


ሳሊተ ምሕረት
ጥቅምት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አዳዳ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ትናንት የማርያም ዕለት ስለነበረ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስምዎን አስጠርቻለሁ። ምርቃትዎም፣ ቁጣዎም ደርሶኛል፤ ሁለቱም ጠቅመውኛል።

ግምትዎ ልክ ነው። ሄደሮቹን ትቻቸው ነበር። ተመልሼ ወሎ ሰፈር ሄጄ አወረድኳቸው። እናትየዋ ላይ ስጭናቸው ሞጁሉ ተገነባ፤ ዊንዶሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተከፍቶ ቁጭ አለ። ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ። መገናኛ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰዎች ልጅ፣ ሸምሲያ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ጠዋት ጠዋት ማሽኖቹን የምታስነሳልኝና ቀናቸውን የምትሞላልኝ እሷ ናት። እየዘለለች አቀፈችኝ።

ደስታችን ግን እናትየዋ ላይ ቀረ። ያንኑ ሄደር አሥራ አንዱ ላይ ጭኜ፣ ያንኑ ትእዛዝ ሰጥቼ፣ አሥራ አንዱም እንቢ አሉ። እናት አንድ ነገር ስታደርግ ልጆቿ ሁሉ ሌላ የሚያደርጉበት ቤት ጋሼ ኡርጌሳ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንዳዘዙኝ «ስህተት» የሚሉትን መስመሮች ብቻ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም «አልተጠናቀቀም» ከማለት ሌላ ምንም አይነግሩኝም።

አዳዳ፣ እርስዎ እዚያው ሆነው በኢንተርኔት ገብተው ቢያስተካክሉልኝስ? እኔ ሆቴሉ ድረስ አንዷን ይዤ እሄዳለሁ።

ፎቶግራፉንም ልኬያለሁ። የበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ታፔላችን አዲስ ነው።

ኢሊሊ


ድሬስደን
ዲሴምበር 1 ቀን 2015

ልጄ ኢሊሊ፣ ቅድስት ድንግል ከክፉ ትሰውርሽ።

ዘግይቻለሁ። ለአንድ ጉዳይ በርሊን ሄጄ ነበር።

ገብቼ አላስተካክልልሽም። ዛሬ እኔ ባስተካክለው ፈቃድ አዳሾቹ በመጡ ዕለት ሲበላሽ ማን ሊያስተካክለው ነው? የላክሽልኝን አይቻለሁ። ሄደሩ ተመሳስሎ ግንባታው መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው፤ ቁልፍ ቀራጩ ማለቴ ነው። ከርነሉ በአንድ ዓይነት ኮምፓይለር ተሠርቶ አንቺ በሌላ ከገነባሽ አይገጥምም። የእናትየዋንና የልጆቿን አስተያዪ። የተለያየ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ታፔላው ያምራል። ገንዳው ግን አይታይም። ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም።

አክስትሽ ወለተማርያም


ሳሊተ ምሕረት
ኅዳር 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ወለተማርያም

አዳዳ፣ ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ከልቤ ነው፤ ዛሬ ግን አጭር ነው።

ኮምፓይለሩ በአሥራ ሁለቱም ላይ አንድ ነው። አስተያይቻቸዋለሁ።

ትናንት ምሳ ላይ ጋሼ ኡርጌሳ «ወለተማርያም በርሊን ኤምባሲ ሄዳ ውክልናውን ፈርማለች» ብለው ነገሩን። በእርስዎ ደብዳቤ ላይ ግን «ለአንድ ጉዳይ» ብቻ ይላል። አዝኜብዎታለሁ። ለአክስት እንዲህ ብሎ መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ፈቃዱ ገና አልታየም፤ ቃልዎ ደግሞ «ካልታደሰ» የሚል ነበር።

እርስዎን ብቻ ወቅሼ ግን አልተኛም፤ እኔም ደብቄዎታለሁና። ገንዳው የለም። አባቴ ከሞተ በኋላ ግቢው ድንጋይ ሲነጠፍ ጋሼ ኡርጌሳ አስፈልጠው ለመሠረት አደረጉት። ቦታው ላይ አሁን ተማሪዎች ተራቸውን የሚጠብቁበት አግዳሚ አለ። ባለፈው በበሩ በኩል ያነሳሁት ያ እንዳይታይብኝ ብዬ ነው። እርስዎን እንዳላስከፋ ብዬ ነው ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል፤ ገንዳው የለም ካልኩዎት ቤቱም አያሳሳዎትም ብዬ ፈራሁ።

አሁን ምንም አልጠይቅዎትም፤ ኮምፒዩተርም፣ ማስተካከልም። ማሽኖቹን እኔው አስነሳቸዋለሁ። ፈቃድ አዳሾቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ ፊርማዎን ይላኩት ወይም ይተዉት፤ ከዚያ በፊት ግን አይላኩት።

ኢሊሊ ወዳጆ


ድሬስደን
ዲሴምበር 13 ቀን 2015

ልጄ ኢሊሊ፣

እግዜር ያክብርሽ፤ የዛሬው ምርቃቴ ይኼው ብቻ ነው።

ፈርሜያለሁ፤ እውነት ነው። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ኡርጌሳ እያለቀሰ ሲደውልልኝ አላስችለኝ ብሎ ሄድኩ። ሳትሰሚ እስኪያልፍ ብዬ ዝም አልኩሽ፤ ማለፊያ ሥራ አልነበረም። ከዚያ በፊት አይላኩት ብለሻል፤ አልክም።

ስለ ገንዳው አሁን አልጽፍም።

ስለ ማሽኑ፦ ኮምፓይለሩ አንድ ከሆነ እኔም አላውቀውም። እንዲህ ብዬ የጻፍኩለት ሰው የለም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ስህተቱን ብቻ ላኪ ያልኩሽን ተዪው። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ራስሽ አንብቢው፤ የማይረባ የሚመስለውንም ሳትዘልዪ።

ወለተማርያም


ሳሊተ ምሕረት
ታኅሣሥ 10 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አክስቴ

አዳዳዬ፣ እንዴት ዋሉ፣ እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ? ዛሬ ሰላምታ አላሳጥርም። ለእርስዎም፣ ለጎረቤቶችዎም፣ ለኮሌጁ ዘበኛም ሳይቀር ሰላምታዬ ይድረስ!

ማሽኖቹ ተነሱ፤ አሥራ ሁለቱም።

ደብዳቤዎን በፍላሽ አምጥቼ ከእናትየዋ ልጆች በአንዷ ላይ ከፈትኩት። ሸምሲያ ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን ስታይ ሳቋን ለቀቀችው። «አክስትሽ ከየት ሆነው ነው የሚጽፉልሽ? እኛ ገና 2008 ላይ ነን፤ እሳቸው 2015 ገብተዋል!» አለችኝ። ስቄ ያዘዙኝን ማንበብ ጀመርኩ። «ስህተት» ከሚሉት ሦስት መስመሮች በላይ ገጽ ሙሉ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ ይህ ፋይል የተጻፈበት ጊዜ ገና አልደረሰም፤ ከወደፊት የመጣ ነው። ያኔ የሸምሲያ ቀልድ ትዝ ብሎኝ የማሽኑን ቀን ብመለከት 2008 ይላል።

አዳዳ፣ ጥፋቱ የእኔ ብልጠት ነው። የልጆቹ የውስጥ ባትሪ ካለቀ ቆይቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀናቸው ይጠፋል። የምንለማመድባቸው ደረሰኞች ደግሞ በሙሉ በእኛ ቀን የተጻፉ ናቸው። ተማሪው ደረሰኙ ላይ 2008 እያየ ስክሪኑ ላይ 2015 ሲያይ ይደናገራል። ስለዚህ «ጠዋት ስታስነሺያቸው የእኛን ቀን ሙዪባቸው» ብዬ ሸምሲያን ያዘዝኳት እኔ ነኝ። እንዲያውም ለሌሎች ትምህርት ቤቶች የማወራው ዘዴዬ ነበር! እናትየዋ ግን ባትሪዋ ደህና ነው፤ ሆቴል ስወስዳትም ቀኗን ከኢንተርኔት አስተካክላለች። ለዚህ ነው እሷ ብቻ እሺ ያለችው።

የሚገነባው ፕሮግራም ሥራውን የሚያውቀው የትኛው ፋይል ቀድሞ፣ የትኛው በኋላ እንደተጻፈ በማየት ነው። ሄደሮቹ የፈረንጁ ዓመት አላቸው፤ ማሽኑ ያለው ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው። የትኛው ይቅደም ሲል ይጀምራል፣ እንደገና ይጀምራል፣ በመጨረሻ ጥሎት ይወጣል። እርስዎ ልከውልን የነበረው ሞጁል ግን ተገንብቶ ያለቀ ስለነበረ ቀን የጠየቀው አልነበረም።

መገናኛ ሙነወር ከሚባል ሰዓት ሻጭ ባትሪዎቹን ገዝቼ ቀየርኩ። የፈረንጁን ቀን ሞላሁ፤ የከሸፈውን ጠርጌ እንደገና አስገነባሁ። ተራ በተራ ዊንዶሱ ሲከፈት ሸምሲያ እያንዳንዷን «እንኳን አደረሰሽ» ትላት ነበር። የእኛ ቀን አሁን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይጻፋል።

ፈቃድ አዳሾቹ ከትናንት በስቲያ ዓርብ መጡ። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። አዳዳ፣ ልቤም አብሮ ጠፋ። ሲመለስ ሁሉም ተነሱ፤ ቀናቸውም አልተነቃነቀም፤ ሰውየው ፒችትሪውን ራሱ ከፍቶ አየ። ጋሼ ኡርጌሳ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተኮሳትረው ተቀምጠው ነበር። ሰዎቹ ሲወጡ አንደኛው «የማን ነው ትምህርት ቤቱ?» ብሎ ጠየቃቸው። «የእኛ ነው» አሉ። ከዚያ እኔን ሲያዩ አፍረው ጫማቸውን ማሠር ጀመሩ።

ፈቃዱ ታድሷል።

ኢሊሊዎ


ድሬስደን
ጥር 21 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት

ለልጄ ለኢሊሊ ወዳጆ

ልጄ፣ ስምሽ ከነትምህርት ቤትሽ ይጠራ። ያስተማርሻቸው ይድረሱልሽ፤ ሸምሲያንም ወላጆቿ ለወግ ማዕረግ ያብቋት።

በደብዳቤሽ ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ አፈርኩ። ማስጠንቀቂያውን አትላኪልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ መልሱ የተቀመጠው ደግሞ እዚያው ላይ ነበር። የኮሌጁ ልጆች ይህን ቢሰሙ ጡረታ እስክወጣ ያሾፉብኛል፤ ስለዚህ አልነገርኳቸውም።

ስለ ገንዳው አሁን እጽፋለሁ። የለም ስትዪኝ አልቅሻለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድምና ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። ከዚያ ቤት የወጣሁት በ1972 ነው። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ላሞቹ ገንዳው ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ ከገንዳው ተነስተው አያውቁም። ኡርጌሳ ስለ ሽያጭ ሲያወራኝ እኔ የማስበው ያንን ግቢ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ገንዳውን ሳጣው ጠረጠርኩ፤ ያ ከሌለ ደግሞ ለምን ብዬ እሟገታለሁ? ቀልሎኝ የፈረምኩት ለዚህ ነው። አንቺ ያለሽበትን ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁበትን፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ሰው የማያውቀውን ቤት መሸጥ አይከብደውም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔም ወረቀቱን ይዤ ሰነበትኩ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ቀደድኩት። ኡርጌሳንም ደውዬ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ አሳለ። ከዚያ «ፎቅ እንደሆነ የትም አለ» አለኝ፤ ቀጥሎም ስለ ሰውየው ጥያቄና ስለ መልሱ አንድ በአንድ አወራልኝ። ኮርቷል ልጄ፤ አትንገሪው።

በክረምቱ ጡረታ እወጣለሁ። ለአዲስ ዓመት እዚያ ነኝ። ስጦታ ምን ያመጡልኛል ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። ክፍልሽ ውስጥ አንድ ወንበር አስቀምጪልኝ። ማስጠንቀቂያ አነባበብን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

ከላይ የጻፍኩትን ቀን አይተሻል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በእኛ ቀን ጽፌ አላውቅም ነበር፤ በጣቴ ቆጥሬ ነው ያገኘሁት። ተሳስቼ ከሆነ ሸምሲያ ታስተካክልልኝ።

አክስትሽ ወለተማርያም